ከመሰላሉ ጫፍ የተነሱት እርከኖች፦ ኔትፍሊክስ በአውሮፓ፣ ማርች 2020

ሐሙስ ማርች 19 ቀን 2020 ማታ ስልኬ ጮኸ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።) የደወሉት ጋሼ ናቸው። እዚሁ ፍራንክፈርት ከኔ ሁለት ፌርማታ ራቅ ብለው ይኖራሉ። የቪዲዮ ሰርቨር ላይ ስለምሠራ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሁሉ በኔ በኩል የሚያልፍ ይመስላቸዋል።

«ልጄ፣ ኔትፍሊክስ ጥራቱን ሊቀንስ ነው ይላሉ። የኔንም ይነካዋል?»

«ጋሼ፣ ራውተርዎ አሁንም ጫማ መደርደሪያው ውስጥ ነው?»

«ታዲያ የት ይሁን?»

«እንግዲያው የእርስዎን አይነካውም።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከዓመታት በኋላም ስለዚያ ሰሞን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንኑ ነው፤ የተቀነሰው ከማን ላይ ነው?

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጣሊያን በኮቪድ ምክንያት ማርች 9 ላይ አገሩን በሙሉ እንደምትዘጋ አወጀች። ስፔን በ14 ተከተለች፣ ፈረንሳይ በ17። ሰው ሁሉ ቤት ገባ፤ አባት ስብሰባ ላይ፣ ልጅ ትምህርት ላይ፣ ሌላው ልጅ ጌም ላይ፣ እናት ፊልም ላይ፣ ሁሉም በአንድ ራውተር። እዚህ ፍራንክፈርት ያለው ዴ-ሲክስ የሚባለው ትልቁ የኢንተርኔት መገናኛ ማርች 10 ላይ 9.1 ቴራቢት በሰከንድ አሳልፎ የራሱን ሪከርድ ሰበረ። በኋላ የወጣ የተመራማሪዎች ጥናት በአውሮፓ ኔትወርኮች ላይ ትራፊኩ፣ ማለትም የሚተላለፈው ዳታ፣ በአንድ ሳምንት ገደማ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደዘለለ አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል አይደል? ለኔትወርክ ሰው ግን ይህ ወራት የሚፈጅ እድገት ነው፣ በሰባት ቀን ሲመጣ ያስደነግጣል።

ማርች 18 ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን የውስጥ ገበያ ኮሚሽነር ቲየሪ ብሬቶን የኔትፍሊክሱን ኃላፊ ሪድ ሄስቲንግስን አናገሩት። ብሬቶን ዱሮ የፈረንሳይ ቴሌኮም ኃላፊ የነበሩ ናቸው፣ የትኛው ስልክ ላይ መደወል እንዳለባቸው አልጠፋቸውም። በማግስቱ ኔትፍሊክስ መለሰ፦ በአውሮፓ ለ30 ቀን የሁሉንም ቪዲዮ ቢትሬት (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) እንቀንሳለን፣ የኛ ትራፊክ በ25 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጋሼ በዜና የሰሙት ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ቪዲዮው መስመሩ ሲጠብ ራሱን ዝቅ ያደርግ የለ? ታዲያ መንግሥት መደወሉ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ እንዲገባ ቪዲዮው እንዴት እንደሚመጣ ትንሽ እናውራ። አንድ ፊልም ሰርቨሩ ላይ አንድ ፋይል ሆኖ አይቀመጥም። ብዙ ቅጂ አለው፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። እያንዳንዱ ቅጂ ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍሏል። ማጫወቻው፣ ማለትም ቴሌቪዥናችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ፣ መጀመሪያ የቅጂዎቹን ዝርዝር ያወርዳል። ከዚያ ቁራጭ በቁራጭ ይጠይቃል፦ ይሄኛውን በከባዱ ስጠኝ፣ ቀጣዩን በቀላሉ። የሚወስነው ሰርቨሩ አይደለም፣ ኔትወርኩም አይደለም፣ ማጫወቻው ነው። ኪሱን እየዳበሰ እንደሚሸምት ሰው በሉት።

የቅጂዎቹን ድርድር በሙያው መሰላል እንለዋለን። ኔትፍሊክስ እስከ 2015 ድረስ የሚጠቀምበትን መሰላል ራሱ በይፋ አውጥቶታል፣ ስለዚህ በምሳሌነት ልጠቀምበት። ታችኛው እርከን 235 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፣ ምስሉ 320 በ240፣ የፓስፖርት ፎቶ የሚያክል። ወደ ላይ 1,750 ላይ 720 በ480 ይሆናል። 720ፒ የሚባለው ሁለት እርከን አለው፣ 2,350 እና 3,000። 1080ፒም ሁለት፣ 4,300 እና 5,800። 5,800 ጫፉ ነው። ዛሬ መሰላሉ ለየፊልሙ ለብቻ ነው የሚሰፋው፣ ግን አሠራሩን ለማየት ይህኛው ይበቃል።

ማጫወቻው በየትኛው እርከን ላይ እንደሚቆም እንዴት ያውቃል? አንደኛው መንገድ ያለፈው ቁራጭ በስንት ሰከንድ እንደወረደ ማስላት ነው። ሁለተኛው ባፈሩን ማየት ነው፤ ወርዶ ገና ያልታየው ስንት ሰከንድ ነው? ባፈሩ ሞልቶ ከሆነ ውጣ፣ እየጎደለ ከሆነ ውረድ። በ2014 የስታንፎርድና የኔትፍሊክስ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሚሊዮን በሚሆኑ የኔትፍሊክስ ተጠቃሚዎች ላይ ሞክረውት፣ ቪዲዮው ቆሞ ያቺ ክብ የምትሽከረከርበትን ድግግሞሽ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ሂሳቡን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኔትፍሊክስን ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ዲን አንድ ላይ ተጫኑ። የጽሑፍ መጋረጃ ምስሉ ላይ ይወርዳል። የሚጫወተው ቢትሬት እዚያ ተጽፏል። ከዚያ አንድ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ትልቅ ፋይል ማውረድ ይጀምር፣ ቁጥሩ እንደ ሊፍት ሲወርድ ታያላችሁ። እኔ በዚያ ሰሞን ከፊልሙ ይልቅ ያንን ቁጥር ነበር የማየው፣ ባለቤቴ ምስክር ናት።

እና ይህ ብልህ ማጫወቻ ለምን አልበቃም?

አንደኛ፣ ማጫወቻው የሚያውቀው ቤቱን ብቻ ነው። ጣሊያን መዘጋቷን አይሰማም። ሥራው አንድ ነው፤ ቦታ ካገኘ ይወጣል፣ ጫፉ እስኪደርስ ድረስ። ሰፊ መስመር ያለው ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ነው የሚያርፈው። ሚሊዮን ማጫወቻ እንዲህ ሲያደርግ ድምሩን የሚገድበው የመሰላሉ ቁመት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚወርደው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። የጎረቤት ሁሉ መስመር ተጨናንቆ፣ የልጅቷ የኦንላይን ትምህርት ተቆራርጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፊልሙ «እሺ ልውረድ» የሚለው። ባፈሩ ደግሞ ረጅም ነው፣ በዚያ በ2014ቱ ጥናት ውስጥ ያለው 240 ሰከንድ ነበር። አራት ደቂቃ ሙሉ ተመልካቹ ምንም ሳይሰማው መስመሩ ሊታነቅ ይችላል። የቀጥታ ስብሰባ ግን የአራት ደቂቃ ስንቅ የለውም። አንድ ሰከንድ እንኳን የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ሲጋፉ ስብሰባው ነው ቀድሞ የሚጎዳው።

ሦስተኛው የሚገርም ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። በ2012 ያው የስታንፎርድ ቡድን አንድ ጠባይ አጋለጠ። ማጫወቻው ባፈሩ ሲሞላ ያርፋል። የ4 ሰከንድ ቁራጭ ያወርዳል፣ ያርፋል፣ ያወርዳል፣ ያርፋል። እሱ ሲያርፍ ያ ትልቅ ፋይል የሚያወርደው ሰውዬ መስመሩን ጠቅልሎ ይይዛል። ማጫወቻው ሲመለስ ግንኙነቱ ፍጥነቱን ከታች ጀምሮ ነው የሚገነባው፣ ቁራጩ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ተገቢ ድርሻው ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ማጫወቻው ይህን አይቶ መስመሩ ጠቧል ይላል፣ አንድ እርከን ይወርዳል። የወረደው ቅጂ ቁራጭ ይበልጥ ትንሽ ነው፣ ይበልጥ ቶሎ ያልቃል፣ ግምቱም ይበልጥ ይወርዳል። ድርሻው እያለለት ራሱን እያስራበ ታች ይገባል። ስለዚህ አንዱ ቤት ጫፉ ላይ ተንደላቆ፣ ሌላው ቤት ያለአግባብ ታች ተቀብሮ፣ ሁለቱም በአንድ ከተማ። ይህን ለየማጫወቻው ትቶ አገር ይረጋጋል ማለት ዘበት ነው።

ኔትወርኩ ራሱ ይቁረጠው እንዳይባል ደግሞ ሕግ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የ2015ቱ የክፍት ኢንተርኔት ደንብ ኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን አገልግሎት መርጦ እንዳያዘገይ ይከለክላል፣ መጨናነቅ ደርሶ ወይም ሊደርስ ሲል እንኳን አንድ ዓይነት ትራፊክን በእኩል እንጂ ኩባንያ እየለየ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ብሬቶን የደወሉት ለቴሌኮሞቹ ሳይሆን ለቪዲዮው ባለቤት መሆኑ የገባው ሰው ጥቂት ነው። በፈቃድ ከምንጩ መቀነስ ንጹሕ መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ኔትፍሊክስ ምን አደረገ? የማጫወቻውን ስሌት አልነካም። ለ4ኬ የከፈለውንም ወደ ኤችዲ አላወረደም። የይዘት ስርጭት ኃላፊው ኬን ፍሎራንስ ማርች 21 እንዳስረዳው፣ በእያንዳንዱ የምስል መጠን ውስጥ ብዙ፣ አንዳንዴም በደርዘን የሚቆጠሩ ቅጂዎች አሏቸው፤ ከየመደቡ ከባዶቹን አነሱ፣ አለቀ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ማጫወቻው አይጠይቀውም።

ይህን ሳነብ በአድናቆት ነው የሳቅኩት። ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ያለ አፕ በአንድ ሌሊት አይታደስም፣ የ2013 ቴሌቪዥን ይዞ የተቀመጠ ሰው አለ። ዝርዝሩ ግን ሰርቨር ላይ ነው። ፕሮግራመሩ ማታ ቀይሮት ቢተኛ ጠዋት አህጉሩ በሙሉ ተለውጧል።

በዚያ በአሮጌው መሰላል ሂሳቡን ሠርቼው ነበር። 1080ፒ ላይ 5,800ን አንስታችሁ 4,300ን ብትተዉ፣ የቀነሰው 26 በመቶ ገደማ ነው። 720ፒ ላይ ከ3,000 ወደ 2,350፣ ወደ 22 በመቶ። ኔትፍሊክስ ካለው 25 ብዙም አይርቅም፣ ምንም እንኳን የ2020ው መሰላል ሌላ ቢሆንም። 4ኬ ላይ ግን ቆረጣው ጠንከር ያለ ነበር፤ የቴሌቪዥን ጥራት የሚከታተሉ ጋዜጠኞች ጫፉ ከ15.25 ወደ 7.62 ሜጋቢት መውረዱን ለክተዋል። ግማሽ ማለት ነው።

ዓይን ግን ግማሽ አያይም። በመሰላሉ ታች በኩል አንድ እርከን መውረድ ፊት ያደበዝዛል፣ ጽሑፍ ያጠፋል። ጫፉ ላይ አንድ እርከን መውረድ በጭስ ወይም በዝናብ ትዕይንት ላይ ትንሽ ሸካራነት ቢጨምር ነው። ከሶፋ ላይ ሆኖ ያንን የሚለይ ሰው የዓይን ሐኪም አያስፈልገውም። ጫፍ ላይ የተጨመረ ቢት የሚያመጣው ትርፍ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የሚቆረጥ ካለ ከዚያ ይቆረጥ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። መስመራቸው ውሉ ላይ ጥሩ ነው። ግን ራውተሩ ኮሪደር ላይ፣ ከእንጨት በተሠራ ጫማ መደርደሪያ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ ከሳሎኑ በሁለት ግድግዳ ተለይቶ ነው የሚኖረው። አንዴ ሳሎናቸው ውስጥ ስለካው 2 ሜጋቢት ከምናምን ነው ያገኘሁት። ማጫወቻቸው ከ1,750 በላይ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያሉት አራት እርከኖች ቢነሱ አያዩትም፣ ደርሰውበት አያውቁማ። አይነካዎትም ማለቴ ትንሽ ማጋነን ነበር፣ ምክንያቱም በየመደቡ ነው የተነሳው፣ ታችም ትንሽ ሊነካካ ይችላል። ግን ያ 25 በመቶ የተገኘው ከእሳቸው ቤት አይደለም። ፋይበር ገብቶለት፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ ፊልሙን ከፍቶ ወጥ ቤት ሽንኩርት ከሚከትፈው ሰው ቤት ነው።

ቁጠባው የተቆጠበው የት ቦታ ላይ ነው የሚለውም ብዙ አይነሳም። ሰው ኔትፍሊክስ ሲባል ከአሜሪካ በባሕር ሥር ገመድ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ኩባንያው ኦፕን ኮኔክት በሚለው ሥራው ፊልም የሞላባቸውን ሰርቨሮች ራሱ እየሰጠ ቴሌኮሞቹ ግቢ ውስጥ ያስቀምጣል፣ አዲስ ይዘት የሚሞላቸው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማታ የምታዩት ፊልም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሳችሁ ኢንተርኔት አቅራቢ ውስጥ ነው። የቆረጣው ጥቅም ያረፈው ከዚያ ሰርቨር እስከ ቤታችሁ ባለው መንገድ ላይ ነው፣ በተለይ ጎረቤት በሚጋራው የኬብል መስመርና በሞባይል አንቴና ላይ። የዴ-ሲክስን ሪከርድ እያሳዩ «ኔትፍሊክስ ቀነሰ፣ ፍራንክፈርት ተነፈሰች» ያሉ ሰዎች ሁለት ብዙም የማይገናኙ ነገሮችን ነው ያገናኙት።

ያስፈልግ ነበር ወይ? እኔ ሐሳቤ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሳንድቫይን ይባል የነበረው ኩባንያ በ2019 ዘገባው ኔትፍሊክስ በዓለም ላይ ከሚወርደው ትራፊክ 12.6 በመቶ ይዟል ብሎ ነበር። ይህን ለአውሮፓም በግርድፉ ብንወስደው ሩቡ 3 በመቶ ነው። ትራፊኩ በ15 እና በ20 አድጎ በ3 ማካካስ አይቻልም። የአውሮፓ የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች ኅብረት የሆነው ቤሬክም ሁኔታውን እየተከታተለ ሲዘግብ፣ ትራፊኩ ጨምሯል፣ አጠቃላይ መጨናነቅ ግን የለም ነበር የሚለው። የቴሌኮም ኢታሊያ ኃላፊ በበኩሉ የመደበኛ መስመር ትራፊኩ ከ70 በመቶ በላይ መጨመሩን ሲናገር ጣቱን የቀሰረው ፎርትናይትን በመሰሉ ጌሞች ላይ ነው እንጂ ፊልም ላይ አይደለም። የጌም ማውረጃ ደግሞ መሰላል የለውም። የመቶ ጊጋባይት ፋይል ጥራቱን ዝቅ አድርጎ አይወርድም፣ ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል። የሌሎችን ኩባንያዎች ይዘት የሚያሰራጨው አካማይ ከሶኒና ከማይክሮሶፍት ጋር ተነጋግሮ የጌም ማውረጃዎችን በተጨናነቀ ሰዓት ያዝ ለማድረግ የተስማማው ለዚህ ነው፣ ያ ዜና ግን እንደ ኔትፍሊክሱ አልጮኸም።

በሌላ በኩል ማርች 18 ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር። ሆስፒታሎች በቪዲዮ ይማከራሉ፣ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ያስተምራል፣ እና ሊቆረጥ ከሚችለው ነገር ሁሉ ማንም የማይናፍቀው የመሰላሉ ጫፍ ነው። እኔ በብሬቶን ቦታ ብሆን እደውል ነበር። ውጤቱን ግን «ኢንተርኔትን አዳንን» ብዬ አላወራውም ነበር።

ሌሎቹም ተከተሉ። ዲዝኒ ፕላስ ማርች 24 በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሲጀምር ቢያንስ 25 በመቶ ቀንሶ ነው የገባው፣ ፈረንሳይ ደግሞ መንግሥት ስለጠየቀ እስከ ኤፕሪል 7 ዘገየ። ዩቲዩብ የመረጠው ግን ሌላ መንገድ ነው። እርከን አላነሳም። መነሻውን ዝቅ አደረገ፦ ቪዲዮ ስትከፍቱ በ480ፒ ይጀምራል፣ ከፍ ማድረግ የፈለገ ራሱ ይጫን። ማርች 20 ለአውሮፓ ኅብረት፣ ማርች 24 ለመላው ዓለም።

ይሄኛው የሰው ስንፍና ላይ የተመሠረተ ነው፣ በደህናው ቋንቋ። የማርሽ ምልክቷን ነክቶ ጥራት የሚቀይር ሰው ስንት ነው? እዚህ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ግን እህቴን ስነግራት «480ፒ? እሱማ ቅንጦት ነው» ነበር ያለችኝ። ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ማርሿን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኛታል፣ 144ፒ ላይ አድርጎ ስብከትም ዜናም ይሰማል፣ ምስሉ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ወደ 360 ያወጣል። አውሮፓ በኮሚሽነር ስልክ ያደረገውን እኛ አገር ሰው በአውራ ጣቱ ሲያደርገው ኖሯል።

30 ቀኑ አልፎ፣ ማዕበሉም በረድ ሲል፣ ኔትፍሊክስ በሜይ ወር ከቴሌኮሞቹ ጋር እየተነጋገረ እርከኖቹን ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

ኦገስት 2020 ላይ ግን የኔትፍሊክስ ኢንኮዲንግ ሰዎች አንድ ጽሑፍ አወጡ። የ4ኬ ይዘታቸውን ትዕይንት በትዕይንት እየመዘኑ፣ እንደገና አዘጋጅተውታል። ዱሮ ለማንኛውም 4ኬ የተመደበው ጫፍ 16 ሜጋቢት ነበር፣ ዝም ብሎ የሚነጋገር ሰውም ይሁን የመኪና ፍንዳታ። አሁን ፊልሙ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይሰጠዋል። በአማካይ ለዚያው ጥራት የሚያስፈልገው ቢት በግማሽ ወረደ። ማርች ላይ በአስቸኳይ ስልክ ግማሽ የተደረገው የ4ኬ ቢት፣ ኦገስት ላይ ጥራቱ ሳይነካ በአማካይ ግማሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ከምሳሌዎቹ አንዱ የ4ኬ አኒሜሽን ነው። ጫፉ 1.8 ሜጋቢት። 1.8!

ጋሼ ጋ ደወልኩ። የልጅ ልጃቸው ካርቱን ወዳጅ ስለሆነች ዜናው የሷ ነው።

«ጋሼ፣ 4ኬ ካርቱን በጫማ መደርደሪያው በኩል ማለፍ ጀምሯል።»

«የቱ መደርደሪያ? እሱን እኮ ሸጥነው። ራውተሩ አሁን ፍሪጁ ኋላ ነው።»